ብርሃንን በገንዘብ ማባረር

ቤት የሚሠራው ለሚኖርበት ሰው ነው። ይህ ነገር እጅግ ግልጽ ከመሆኑ የተነሣ መጻፍ የማያሻው ይመስላል፤ ዳሩ ግን ቶሎ የሚረሱት ግልጽ የሆኑት ነገሮች ናቸው። ሰው ልብሱን ለበዓል፣ ንግግሩን ለጉባኤ ቢያሳምር አይነቀፍም፤ በዓሉም ጉባኤውም ያልፋልና። ቤቱን ለተመልካች ብሎ ያሳመረ እንደ ሆነ ግን ተመልካቹ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ከሠራው ነገር ጋር ይቀራል፤ ሌሊቱንም ክረምቱንም የሚያሳልፈው ከዚያው ጋር ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በከተማ ባሉ ወጣቶች ዘንድ የማየው አንድ ፈሊጥ ነው። ይኸውም የመኖሪያ ቤትን አራቱንም ግድግዳ፣ አንዳንዴም ኮርኒሱን ጭምር፣ የወይራ ቀለም በሚሉት ጥቁር አረንጓዴ ማስቀባት ነው። ጎጆ የሚወጡ ሙሽሮች፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን የተቀበሉ ልጆች፣ አንዲት ክፍል የተከራዩ ተማሪዎች ሳይቀሩ ይህን ቀለም ይፈልጋሉ። ከየት አያችሁት ቢባሉ ከእጅ ስልካቸው ላይ አንድ ሥዕል አውጥተው ያሳያሉ። እኔ ግን እላለሁ፤ መስኮቱ ጠባብ፣ ክፍሉ ትንሽ በሆነ ቤት ውስጥ አራቱንም ግድግዳ በዚህ ቀለም ማስቀባት በገዛ ገንዘብ ብርሃንን ከቤት ማባረር ነው። ከዚህም በላይ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ቀለሙን የመረጠው ሰው አይደለም።

አስቀድሜ ቀለሙ ራሱ ምን እንደ ሆነ ልናገር። ቀቢው ይህን ቀለም የሚያገኘው ብጫን ከጥቁር ጋር ደባልቆ ነው፤ ወይም አረንጓዴውን ወስዶ ጥቂት ቀይና ጥቁር ጠብ በማድረግ ድምቀቱን ያደበዝዘዋል። ወይራን የሚያውቅ የአገራችን ሰው የቅጠሉ ላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሆዱ ግን ወደ ብጫና ወደ ወርቅማ የሚያደላ መሆኑን አይስተውም፤ ነፋስ ሲነካው ሁለቱ ስለሚፈራረቁ ዛፉ የሚያብረቀርቅ ይመስላል። በግድግዳ ላይ የሚለቀለቀው ግን የቅጠሉ አንድ ፊት ብቻ ነው፤ ነፋስም አያገላብጠውም። ስለዚህ ከቀለሙ ጋር ጠብ የለኝም። ወይራ ዛፉም ያማረ ነው፤ ጢሱ የወተቱን ዕቃና የጠላውን ጋን ያጥናል፤ እንጨቱ ለሽማግሌ ምርኩዝ ይሆናል። ጠቤ ያለ ቦታው ከሚያስገባው ሰው ጋር ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ነገሩ የስሜት ብቻ አይደለምና። ግድግዳ የሚወድቅበትን ብርሃን ከፊሉን ይውጣል፤ ከፊሉን ይመልሳል። ነጭ የተቀባ ግድግዳ ከ100 እጅ ብርሃን 80 ያህሉን ወደ ክፍሉ ይመልሳል። ጥቁሩ የወይራ አረንጓዴ የሚመልሰው ግን ወደ 10 እጅ ገደማ ነው፤ የቀረውን ይውጠዋል። እንግዲህ በመስኮት የገባ ብርሃን ወደ ክፍሉ ጥግ በቀጥታ እንደማይደርስ አስቡ። ግድግዳ ለግድግዳ፣ ኮርኒስ ለወለል እየተቀባበሉት ነው የሚደርሰው። በነጭ ክፍል ውስጥ 100 ሆኖ የገባው ብርሃን አንድ ጊዜ ተመልሶ 80፣ ሁለተኛ ተመልሶ 64፣ ሦስተኛ ተመልሶ 51 ይሆናል። በጥቁሩ ክፍል ግን መጀመሪያ 10፣ ቀጥሎ 1፣ ከዚያ የአንድ ዐሥረኛ ብቻ ይሆናል። ይህ ማንም ተማሪ በደብተሩ ሊሠራው የሚችል ማባዛት ነው። በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ልዩነቱን እምብዛም አያስተውለውም፤ ብርሃኑ በቀጥታ ይደርሰዋልና። ድርሻውን የሚያጣው በጥጉ የተቀመጠው ነው።

የዚህ ቀለም ወዳጆች ግን መልስ አያጡም፤ ሦስት ነገር ሲናገሩ ሰምቻለሁ።

አንደኛው፣ «አረንጓዴ ዐይን ያሳርፋል» የሚለው ነው። እውነት ነው፣ ከደጅ ያለው አረንጓዴ ያሳርፋል። ነገር ግን የሜዳው አረንጓዴ በላዩ ሰማይ አለው፤ ከቀትር ፀሐይ የሚወርደው ብርሃን በቤት ውስጥ ካለው በመቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ይበልጣል። ያን ሁሉ ብርሃን የለመደ ዐይን በቅጠል ጥላ ሥር ያርፋል። አስቀድሞ ብርሃን ለጎደለው ክፍል ግን ጥላ መጨመር ዕረፍት አይሆንም፤ ዐይኑ ፊደሉን ለመለየት እየታገለ ይደክማል እንጂ። የተራበን ሰው ጾም ለጤና ይበጃል ብሎ እንደ ማጽናናት ነው።

ሁለተኛው፣ «እድፍ አያሳይም» የሚለው ነው። ይህን ስሰማ እደነቃለሁ። እድፍ አለመታየቱ እድፍ አለመኖሩ ነውን? ክረምት ሲገባ ከግድግዳው ሥር የሚወጣው ሻጋታ በነጭ ግድግዳ ላይ በማግሥቱ ይታያል፤ ባለቤቱም የሚያፈሰውን ቧንቧ ወይም የተሰነጠቀውን ጣራ ፈልጎ ያስጠግናል። በጥቁሩ ግድግዳ ላይ ግን ሻጋታው ተሸሽጎ ይሰፋል፤ ሰው የሚያውቀው ልጁ ማሳል ሲጀምር ነው። ደግሞም አባባሉ ራሱ ግማሽ እውነት ነው። ጥቁርና ደብዛዛ የሆነ ቀለም የጣት ቅባትን፣ አቧራንና ወንበር የፋቀውን ቦታ ከነጩ ይልቅ አጉልቶ ያሳያል። የሚሸሽገው መሸሸግ የማይገባውን፣ የሚያሳየው ደግሞ ባይታይ የሚሻለውን ነው።

ሦስተኛውና ዋናው፣ «የሠለጠነው ዓለም እንዲህ ነው የሚኖረው» የሚለው ነው። በዚህኛው ላይ ጥቂት እንቆይ።

በስልክ ላይ የምታዩት ቤት ምን ዓይነት ቤት ነው? መስኮቱ ከወለል እስከ ኮርኒስ የደረሰ፣ ክፍሉ ሰፊ፣ ጣራው ከፍ ያለ ነው። በአንዲት ክፍል ውስጥ አምስትና ስድስት መብራት በየጥጉ ተቀምጧል። ፎቶግራፍ አንሺውም ፀሐይ በመስኮቱ የምትገባበትን ሰዓት ጠብቆ መጥቷል። የፎቶግራፍ መሣሪያ ደግሞ ብርሃኑን እስኪበቃው ድረስ ጠብቆ ሊሰበስብ ይችላል፤ የጎደለውንም በኋላ ያደምቁለታል። የእኛ ዐይን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም፤ ያለውን ብርሃን ወዲያው ማየት ነው ሥራው። እንግዲህ ወጣቱ ከዚያ ሥዕል የወሰደው ምንድን ነው? መስኮቱን አልወሰደም፤ ጣራውን አልወሰደም፤ መብራቱንም አልወሰደም። የወሰደው ጨለማውን ብቻ ነው።

ያ የሠለጠነ የሚባለው ዓለም ራሱም በዚህ ቀለም ላይ ጸንቶ አያውቅም። ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስና፣ በ1970ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ወጥ ቤቱም፣ ምድጃውም፣ ማቀዝቀዣውም የአቮካዶ ቀለም በሚሉት አረንጓዴ ይሠራ ነበር። ጥቂት ዓመታት አለፉና ያው ሕዝብ ያንኑ ቀለም መሣቂያ አደረገው፤ ዕቃውንም እያወጣ ጣለው። ደግሞም የአሜሪካ ጦር በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መኪናውንና መሣሪያውን የቀባበት ደብዛዛ ቀለም የዚሁ የወይራ አረንጓዴ ወገን ነው። ወታደር ይህን ቀለም የመረጠው ከጠላት ዐይን ለመሰወር ነው። እኛ ግን እንታይ ብለን እንቀባዋለን። ለመሰወር የተመረጠውን ቀለም ለመታየት መግዛት ምን ዓይነት ነገር ነው?

በዚህ ላይ አንድ ያየሁትን ልጨምር። ባለፈው ክረምት የወዳጄ ልጅ ትዳር ይዞ ኮንዶሚኒየም ስለ ገባ እንኳን ደስ ያለህ ልለው ሄጄ ነበር። ሳሎኑ ዙሪያውን በጥቁር የወይራ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ መጋረጃውም ከዚያው ቀለም ነው። ለማየት ያምር እንደ ነበር አልክድም። «ጋሼ፣ እንዴት ነው? ያምራል አይደል?» አለኝ ልጁ በደስታ። «የዕቁቤን ዕጣ በሙሉ ነው ያፈሰስሁበት፤ ስቱኮው ብቻ ስንት ፈጀ!» ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ ሁለት አምፖል በርቷል። ጥቂት እንደ ተጫወትን መብራት ጠፋ። በዚያን ጊዜ ሙሽራይቱ ለምሳ ምስር ትለቅም ነበርና ሰፌዱን አንሥታ ብድግ አለች።

«ወዴት ነው?» አላት ባልዋ።

«በረንዳ ላይ ልቀመጥ፤ እዚህ ውስጥ ድንጋዩ አይታየኝም» አለችው።

ውጭ ዝናብ ያካፋ ነበር። ነጠላዋን ተከናንባ በረንዳው ላይ ተቀመጠች፤ እኛ ሁለታችን በሚያምረው ሳሎን ውስጥ በጨለማ ቀረን። «ልጄ» አልሁት፣ «ቤትህ ለዐይን ያምራል፤ ሚስትህን ግን ወደ ውጭ አስወጥቷታል።» ልጁ ሣቀ፤ ቆይቶ ግን ዝም ብሎ ወደ በረንዳው ያይ ጀመር። እኔም ከዚያ በላይ አልጨመርሁም፤ ነገሩን ሰፌዱ ተናግሮታልና።

ይህች ወጣት ምሳሌ ናት እንጂ ብቻዋን አይደለችም። ጨለማ ቤት ዋጋውን የሚያስከፍለው በቤት ውስጥ የሚውለውን ሰው ነው። ባልየው ጧት ወጥቶ ማታ ይገባል፤ ማታ ደግሞ ሁሉም ቤት ጨለማ ነው። ቀኑን የምትውለው ሚስት፣ ወይም የቤት ሠራተኛዋ፣ ወይም አራስዋ ናት። ከትምህርት ቤት ተመልሶ ጥግ ይዞ የሚያጠና ልጅ ነው። ከገጠር ለጥየቃ የሚመጡ እናት ናቸው። የሰው ዐይን በዕድሜ ብዛት እየጠበበና እየደፈረሰ ስለሚሄድ፣ ስድሳ ዓመት በሞላው ሰው ዐይን ውስጥ ዘልቆ የሚደርሰው ብርሃን ለሃያ ዓመት ወጣት ከሚደርሰው ሢሶ ያህሉ ብቻ ነው። አንተ በሃያ አምስት ዓመት ዐይንህ «ኧረ ይታያል!» ስትል፣ እናትህ ግድግዳውን እየዳበሱ ይሄዳሉ፤ ይሉኝታ ይዟቸው ግን አይናገሩም። «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» ይላል ያገራችን ሰው፤ ለውጭ ሰው የሚመች፣ ለቤቱ ሰው ግን የሚወጋ ማለት ነው። ይህ ተረት ስለ ሰው የተነገረ ቢሆንም ለግድግዳም ይሠራል።

ለፈሊጥ ሲባል የቤተ ሰብን ጤና መርሳት አዲስ ነገር አይደለም፤ የአረንጓዴ ቀለም ታሪክ ራሱ ይህን ያስተምራል። በ1775 ሼለ የተባለ በስዊድን የሚኖር የኬሚስትሪ ሊቅ ከመዳብና አርሴኒክ ከሚባለው መርዝ ደማቅ አረንጓዴ አወጣ። በ1814 ደግሞ በጀርመን አገር በሽዋይንፉርት ከተማ ከዚያም የበለጠ የሚያምር ተሠራ፤ እርሱም አርሴኒክ ነበረበት። ባለጸጎች ሳሎናቸውንና የልጆቻቸውን መኝታ ቤት በዚህ አረንጓዴ ወረቀት አስለበጡ፤ ሴቶች ቀሚሳቸውንና የራሳቸውን አበባ በእርሱ አስነከሩ። በ1861 በለንደን ከተማ ሰው ሠራሽ ቅጠልና አበባ ላይ ይህን አረንጓዴ ዱቄት ትነሰንስ የነበረች የ19 ዓመት ልጃገረድ በመርዙ ሞተች። ሐኪሞች ጮኹ፤ ነጋዴዎቹ ግን ነገሩ ወሬ ነው አሉ። ዊልያም ሞሪስ የተባለው ስመ ጥሩ የእንግሊዝ የግድግዳ ወረቀት ሠሪ እንኳ ስጋቱን ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ የቤተ ሰቡ ሀብት ደግሞ በዴቨን ከነበረ መዳብና አርሴኒክ ከሚወጣበት ማዕድን የመጣ ነበር። ዛሬ በገበያ ላይ ያለው የግድግዳ ቀለም አርሴኒክ የለበትም። ይህን ማንሣቴ ወጣቱን በከንቱ ለማስፈራራት አይደለም። የተማረና የሠለጠነ ሕዝብ እንኳ «ያምራል» የሚለውን ቃል ሲሰማ «ለሚኖርበትስ?» ብሎ መጠየቅን እንደሚረሳ ለማሳየት ነው።

ከአርሴኒክ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው የእርሳስ ጉዳይ ነው፤ እርሳስ የምለው ጥይት የሚሠራበትን ከባድ ብረት ነው። ቀደም ብዬ የወይራው ቀለም በውስጡ ብጫ እንዳለበት ተናግሬአለሁ። ከጥንት ጀምሮ ለዘይት ቀለም ብጫነት ይጨመር ከነበረው አንዱ ከእርሳስ የሚሠራ ዱቄት ነው፤ ይኸው ብጫ ከሰማያዊ ጋር ተደባልቆ አረንጓዴ ይወጣዋል። በ1904 በአውስትራሊያ በብሪዝበን ከተማ ጊብሰን የተባለ ሐኪም የሚታመሙት ሕፃናት መርዙን ያገኙት ከገዛ ቤታቸው ግድግዳና አጥር ቀለም መሆኑን ጻፈ። አሜሪካ ግን ይህን ቀለም ከመኖሪያ ቤት የከለከለችው በ1978 ነው፤ በመካከሉ 74 ዓመት አለፈ። በአገራችንም በ2018፣ በእኛ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም.፣ በወጣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። እርሳስ የሕፃንን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም የሚባል መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል። እንግዲህ የግድግዳህን ቀለም ስትገዛ ስለ መልኩ አሥር ጊዜ ከጠየቅህ፣ እርሳስ እንዳለበትና እንደሌለበት አንድ ጊዜ ጠይቅ፤ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውንም አንብብ። አሮጌውን የዘይት ቀለም በደረቁ አትፈግፍግ፤ አቧራውን ልጅ ይተነፍሰዋልና አርጥበህ አንሣው፤ ልጆችንም አርቅ።

ይህን ሁሉ ስናገር አንድ ነገር ልቤን ያሳዝነዋል። አያቶቻችን የኖሩት በጭቃ ቤት ነው። እንጨቱ ተማግሮ፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ይመረግ ነበር። ምድጃው ከቤት ውስጥ ስለ ሆነ ጢሱ ጣራውንና ግድግዳውን ያጠቁረዋል፤ መስኮት የሌለውም ቤት ብዙ ነበር። ታዲያ ሴቶቻችን ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ምን ያደርጉ ነበር? ግድግዳውን ይለስናሉ፤ ኖራ ወይም ነጭ አፈር ፈልገው ይለቀልቃሉ። ይህን ያላገኘ ጋዜጣ ይለጥፋል፤ አቡጄዲ ኮርኒስ ይወጥራል። ይህ ሁሉ ድካም ለምን ነበር? ጥቂት ብርሃን ወደ ቤት ለማስገባት ነው። በዓልን በዓል የሚያሰኘው አንዱ ነገር ቤቱ በራ ማለቱ ነበር። ያን ጥላሸት ለማስለቀቅ እጃቸው የሻከረ እናቶች ልጆች፣ እኛ፣ ዛሬ የጥላሸትን ጥቁረት በጋሎን እየለካን እንገዛለን፤ ለሚቀባልንም ገንዘብ እንከፍላለን። ሥልጣኔ ማለት ይህ ከሆነ አያቶቻችን ቀድመውን ሠልጥነው ነበር፤ እነርሱ ግን ጥቁሩን ግድግዳ ያገኙት በነጻ ነው።

«እንግዲያስ ቤታችን ሁሉ እንደ ሆስፒታል ነጭ ይሁን ነው የምትለን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አይደለም። ቀለም የሌለበት ሕይወት አልመኝላችሁም። ወደ ሐረር ሂዱና የሐረሪን ባህላዊ ቤት ተመልከቱ። ነደባ የሚባለው መቀመጫው በቀይ አፈር ይቀባል፤ ግድግዳው ግን ነጭ ነው። በዚያ ነጭ ግድግዳ ላይ ቀይ፣ ብጫ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ የሆኑ ስፌቶችና ጎድጓዳ ሳሕኖች ተሰቅለው ቤቱ እንደ አበባ ማሳ ይሆናል። ዓለም ሁሉ እየመጣ የሚያደንቀው ይህን ቤት ነው። ምሥጢሩ ምንድን ነው? ብርሃኑን ለግድግዳው ተዉለት፤ ቀለሙን ለዕቃው ሰጡት። ዕቃ ይነሣል፣ ይለወጣል፣ ይወረሳል። ግድግዳውም ሁሉን ያበራል።

የወይራው አረንጓዴም የሚያምርበት ቦታ አለው። ክፍሉ ሰፊ፣ መስኮቱ ትልቅ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚገባበት ከሆነ፣ ከመስኮቱ ጎን ያለችውን አንዲት ግድግዳ ብትቀባው ክፍሉን ያከብረዋል። ለበር፣ ለመጻሕፍት መደርደሪያ፣ ለወንበርና ለትራስ ልብስ የተስማማ ነው። ሌሊት ሲሠራ አድሮ ቀን የሚተኛ ሰው መኝታ ቤቱን ቢያጨልም መብቱ ነው፤ እንዲያውም ይበጀዋል። እኔ የምቃወመው ቤቱን ሳያዩ፣ መስኮቱን ሳይለኩ፣ አብሮ የሚኖረውን ሰው ሳይጠይቁ ከሥዕል ላይ መቅዳትን ነው።

ስለዚህ ጋሎን ከመግዛትህ በፊት እንዲህ አድርግ፤ አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ጥቂት ቀለም በትንሽ ቆርቆሮ ግዛና አንድ ትልቅ ካርቶን ቀባ። ካርቶኑን በክፍሉ ውስጥ እጅግ ጨለማ በሆነው ግድግዳ ላይ አቁመው፤ በመስኮቱ አጠገብ አይደለም። ጧት፣ ቀትር፣ ማታም በመብራት እየው፤ ደመና በሆነ ቀንም እየው። ቀጥሎ ከቀትር በፊት አምፖሉን አጥፍተህ ከመስኮቱ በራቀው ጥግ መጽሐፍ ይዘህ ተቀመጥ። በነጩ ግድግዳ እንኳ ፊደሉ ካስቸገረህ ጥቁሩ ምን እንደሚያደርግህ ከዚህ ታውቃለህ። ከዚያም በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚውለውን ሰው ጠይቅ፤ እናትህን፣ ሚስትህን፣ ሠራተኛይቱንም። በመጨረሻ ስለ መመለሻው አስብ። ነጩን ግድግዳ ለማጥቆር የሚበቃው ሁለት እጅ ቀለም ነው፤ ጥቁሩን ወደ ነጭ ለመመለስ ግን መሠረት ቀለም ተቀብቶ በላዩ ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ይፈልጋል። ተከራይ ከሆንህ ይህ ወጪ በምትለቅበት ቀን ይጠብቅሃል።

ከሁሉ በላይ ግን «ከማን አንሼ» የሚለውን መንፈስ ተጠንቀቅ። ይህ መንፈስ ሠርግን አሰፍቶ ሙሽሮችን በብድር ያስጀምራል፤ ለቅሶን እንኳ ድግስ ያደርጋል። ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ በኩል ገብቶ ግድግዳችን ላይ ተቀምጧል። በፊት ከማን አንሼ የሚባለው ከጎረቤት ነበር፤ ጎረቤት ቢያንስ የእኛን ያህል መስኮት አለው። አሁን ግን ስሙን ከማናውቀው፣ አገሩን ካልረገጥነው፣ ኑሮው ከኑሮአችን ከማይገጥም ሰው ጋር እንፎካከራለን። እርሱ ስለ እኛ መኖር እንኳ አያውቅም። እኛ ግን የዕቁብ ዕጣችንን ስለ እርሱ አፍስሰን የእናታችንን ዐይን እናደክማለን።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ አዲስ ቤት ስትገባ የሚያመሰግንህን እንግዳ አታስብ፤ እንግዳ የቀረበለትን ሁሉ ያመሰግናል፤ ጨዋነቱ ነው። የምታስበው ማታ ተመርቀው የሚተኙትንና ጧት ተነሥተው ሥራ የሚጀምሩትን ነው። መጋረጃውን ግለጠው። መስኮቱን ውልውለው። ግድግዳውን የምትቀባውም ምስር የሚለቅም፣ ፊደል የሚቆጥር፣ መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገባ ሰው በቀን ያለ አምፖል ሥራውን ሊሠራበት በሚችል ቀለም ይሁን። ይህን ካደረግህ በኋላ ገንዘብ ከተረፈህ አንዲት የወይራ ችግኝ ገዝተህ ቦታ ባለበት ከደጅህ ትከል። ያን ጊዜ ያ የወደድኸው አረንጓዴ ሰማይ በላዩ፣ ነፋስ በመካከሉ ሆኖ ታየዋለህ፤ ቤትህም ብርሃኑን እንደ ያዘ ይቆይሃል።